ለሸህ ኑሩ ያልነገርኩት ቁጥር

ዓርብ፥ ህዳር 4 ቀን 1957 ዓ.ም.፤ ወረታ፤ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት

ሁለት ቁምጣ ጨረስኩ። አንድ ተነፋነፍ ሱሪ ቆርጫለሁ። የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራልኝ ግን የለም። ራሴ ልሞክር ብየ ጨርቁን ቀደድኩት። የዘሃራ ሥራ ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ ስትሠራው ቀላል ይመስለኝ ነበር።

ዘሃራ ሚስቴ ናት። ነበረች። የቱን ልጻፍ? ስማኝ እንግዲህ አንተ ደብተር፥ ለሰው የማልነግረውን ላንተ ልንገርህ፤ አንተ መንገድ ላይ አታገኘኝም። ማክሰኞ ዕለት ፈታኋት። ልጃችንን ሐዋን ይዛ አንበሳሜ ወንድሟ ዓሊ ዘንድ ሄደች።

ምክንያቱን ብትሰማ ትስቃለህ። የወረዳው ጸሐፊ ኮት ነው። ግራጫ ሱፍ፥ ጨርቁን ከጎንደር ያስመጣው። ሊለካ መጣ፥ ለበሰ፥ የቀኙ እጅጌ ተጣሞ ወደ ኋላ ዞረበት። እኔ ትከሻዎ ነው፥ አቋምዎ ነው እያልኩ ስቀባጥር፥ ዘሃራ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ ሁለቱም የግራ እጅጌ ነው አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ግን ተሰማ። ጸሐፊው ሳቀ። በረንዳው ላይ የተቀመጡትም ሳቁ። እውነቷን ነው፤ ሁለቱንም የግራ አድርጌ ቆርጫቸው ኖሯል። ዐሥራ አራት ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሰውየ።

ጸሐፊው እንደሄደ ጓዳ ገባሁ፤ ተከትላኝ ገባች። ፈትቸሻለሁ አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋ አበገነኝና ደገምኩት። ሐዋን ብድግ አድርጋ አቀፈቻት። ሦስተኛውን ያን ጊዜ ነው ያልኩት። ጮኼ።

በእኛ በእስላሞቹ ዘንድ ይኸ ምን ማለት እንደሆነ ታውቅ ይሆን? አንዴ ወይም ሁለቴ ያለ ሰው፥ ሦስት ጊዜ የወር አበባዋ መጥቶ ሳይሄድ፥ ዒዳዋ ሳያልቅ ማለት ነው፥ መልሻታለሁ ካለ ትመለስለታለች። ሦስት ያለ ግን አለቀለት። ሌላ ባል አግብታ፥ ከዚያ ሰው ጋር የምር ኖራ፥ እሱም በራሱ ጊዜ ፈቷት ወይም ሞቶ ካልሆነ በቀር ለፊተኛው አትመለስም። ይኸን ልጅ ሆኘ ቁርኣን ስቀራ ነው የተማርኩት። አላውቅም ነበር የምልበት አፍ የለኝም።

ዛሬ ጁምዓ አልሄድኩም። የስፌት መኪናየ ተበላሸች አልኳቸው ሊጠሩኝ ለመጡት። ምንም አልሆነችም፤ ይኸው እየሰፋሁባት ነው።


ሰኞ፥ ህዳር 7፤ ከቀትር በኋላ

ዘሃራስ? ይላል የመጣው ሁሉ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ሂዳለች፥ ወገቧን አሟት፥ እላለሁ። ሦስት ቀን በዚሁ ሰነበትኩ። ውሸቱ ከመልመዴ የተነሳ የወገቧን ሕመም ለአንዱ በዝርዝር ነገርኩት።

ዛሬ ከደራ የመጣ አንድ ገበሬ የልጁን እጀ ጠባብ ሊያሰፋ ገባ። ወንዛዬ ሂዳለች ስለው፥ ቅዳሜ አንበሳሜ ገበያ ላይ አይቻታለሁ አለ። ሽንኩርት ተሸክማ፥ ከወንድሟ ጋር። ደግ፥ ወገቧ ድኗል አለኝ ጤፍ የሚያህል ክፋት ሳይኖረው። በረንዳው ላይ የነበሩት እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ አሳለ። እኔ ፔዳሉን ረገጥኩ፥ ረገጥኩ። ጨርቅ አላስገባሁም ነበር፤ መርፌዋ ባዶውን ትወጋለች።

ወንዛዬ ነች ወይ ብለው ያልጠየቁኝ ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ብቻ ናቸው። ምን ይጠይቃሉ? ግድግዳችን አንድ ነው። ጭቃውም ሳስቷል፤ እሳቸው ቤት ጋን ሲወለወል እኔ ቤት ይሰማል። ክርስቲያን ናቸው፥ ባላቸው የሞተባቸው፥ ጠላ ሸጠው የሚያድሩ። ሐዋ ስትወለድ አዋላጂቷ ሳትደርስ እትብቷን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ ዘሃራም ሐዋም የሉም።

ሊመሽ ሲል መጡ። ሰይድ ልጀ፥ ምንድን ነው ይኸ የምሰማው፥ አሉኝ። ለዓሊ ሰው ልከውበታል። ዓርብ ዘሃራን ይዞ ይመጣል፥ ሸህ ኑሩ ቤት ሽማግሌ ይቀመጣል፥ እሳቸውም ይመጡና ይለምኑልኛል። የእናንተን ወግ አላውቅም፤ ግን ለቤት የማይለመን የለም አሉ።

እሺ አልኳቸው። እግዜር ይስጥልኝም አልኳቸው። አይምጡ ማለት ነበረብኝ። በዚያች በሳሳች ግድግዳ ምን እንደሰሙ የማውቀው እኔ ነኝ።


ዓርብ፥ ህዳር 11፤ ከማታው የመግሪብ ሶላት በፊት

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ካላነበብክልኝ ተወው።

ከጁምዓ በኋላ ሸህ ኑሩ ቤት ተሰበሰብን። ሸህ ኑሩ፥ አራት ሽማግሌዎች፥ ዓሊ፥ ዘሃራ ሐዋን ታቅፋ፥ እኔ። እ. ብርቄ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ሸ. ኑሩ ቃዲ፥ የእስላም ዳኛ፥ አይደሉም፤ ቃዲው ጎንደር ነው። ወረታ ላይ ግን ለእኛ ጥቂቶቹ ቃዲም፥ አስተማሪም፥ አባትም እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ ተቆጡ። ሴት በዒዳዋ ከቤቷ እንዴት ትወጣለች ብለው ዓሊንም እኔንም። ቀጥለው ወደኔ ዞሩ። ስንት ጊዜ አልካት፥ አሉ።

ይኸን ጥያቄ አንድ ሳምንት ሙሉ ስጠብቀው ነበር። ሦስት ብል፥ ያን ሰዓት ዘሃራ ተነስታ ትሄዳለች፥ አለቀ። ሐዋ ቂጣ እየበላች ነበር። አየችኝና ቂጣዋን ዘረጋችልኝ።

አንድ አልኩ።

ዘሃራ ቀና አለች። ከዚያ ከበሩ በኩል እ. ብርቄ፥ ኧረ ሦስት ጊዜ ነው አባቴ፥ እኔው በጆሮየ ሰምቸዋለሁ፥ ንዴት ሲይዘው እንዲህ ነው፥ እስቲ ምከሩልኝ አሉ። በደግነት ነው ያሉት። ቤቱ ጭጭ አለ። ለምን ጭጭ እንዳለ አልገባቸውም፤ ፊታችንን በየተራ ያያሉ።

አሁን የምጽፈውን እያየህ ሳቅብኝ ወይም ትፋብኝ። እሳቸውኮ ጠላ ሲቀምሱ ነው የሚውሉት፥ ከማለዳ ጀምረው ስንቱን ደራርበው እንደሚቆጥሩ ማን ያውቃል፥ አልኩ። ሁለት ሰው ሳቀ። ሳቃቸው ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ጨመርኩበት። ደሞስ በእኛ ሃይማኖት ጉዳይ የክርስቲያን ቃል ከመቼ ወዲህ ነው የሚሰማው አልኩ።

ሸ. ኑሩ እጃቸውን አነሱ፤ በቃህ ማለታቸው ነው። አልወደዱትም። ግን ሕጉም ሕግ ነውና ወደ ዘሃራ ዞሩ። አንቺስ? ሌላ የሰማሽው ካለ ተናገሪ፤ ከተካካዳችሁ እሱን ቁርኣን አስይዘን እናስምለዋለን አሏት። ረዥም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ያለውን እሱ ያውቃል አለች። ሴትዮዋ ካልተከራከረች መሐላ አያስፈልግም አሉ ሸህየው። መለስኳት በል አሉኝ። መለስኳት አልኩ። ዱዓ ተደረገ።

ዱዓው ሳያልቅ እ. ብርቄ ነጠላቸውን አገልድመው ወጡ። ማንም አልሸኛቸውም። እኔ ጫማቸውን እንኳ አላቀረብኩላቸውም።


ቅዳሜ፥ ህዳር 12፤ ከቀትር በኋላ

ዛሬ ህዳር ሚካኤል ነው። በየዓመቱ በዚች ቀን እ. ብርቄ ለሐዋ ዳቦ ይልኩ ነበር፤ ሥጋቸውን እንደማንበላ ያውቃሉና ዳቦ ብቻ። ዘንድሮ አልመጣም። ሐዋ በሩ ላይ ቁማ ጠበቀች። ለምን እንደቀረ እኔን ጠየቀችኝ። ረስተው ይሆናል አልኳት። እሳቸው አይረሱም አለች።

ዘሃራ ተመልሳለች። ቤቱ ተጠርጓል፥ ማሰሮው ተጥዷል፥ የቁልፉ ቀዳዳ እየተሠራ ነው። ሰው ቢያይ ምንም አልጎደለም ይላል።

ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን እርስዎ ትለኛለች። ዐሥር ዓመት አንተ ያለችኝ ሴት። ምሳ ይቅረብልዎ? ውሃ ልስጥዎ? መጀመሪያ የተቀየመች መስሎኝ ነበር። ኋላ ጓዳ ስገባ ቶሎ ብላ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበች፥ ፀጉሯን ሸፈነች። ሴት በእኛ ደንብ ባሏ ፊት አትሸፈንም። የምትሸፈነው ከባዕድ ወንድ ነው። የተኛችውም ከሐዋ ጋር ነው፥ በሩን ከውስጥ ዘግታ።

ቆጥራለች ማለት ነው። ያን ዕለት ሦስቱንም ቆጥራለች።


ረቡዕ፥ ህዳር 23፤ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ

ለራሴ ጠበቃ ቁሜ ከረምኩ። ንዴት ላይ ነበርኩ። ልጅ አለችን። ሸህ ወስነዋል። ልቤ ያሰበው አንድ ነው፥ ሁለቱ ዝም ብሎ አፌ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰበብ ሳነጥፍ አድሬ፥ ጧት ዘሃራ ከነጠላዋ ጋር ስትመጣ ሁሉም ይጠቀለላል።

ትናንት ሸ. ኑሩ ዘንድ ሂጀ ጠየቅሁ። ስለ እኔ አይደለም እኮ፤ ስለ አንድ የአዲስ ዘመን ከተማ ሰው። ያ ሰው ተናዶ ሦስት ቢልስ፥ በአንድ ትንፋሽ ቢለውስ፥ አልኩ። ሸህየው የሚቆጥሩትን ተስቢሃ አቆሙ። ሦስት ሦስት ነው፥ በአንድም ትንፋሽ ይባል በሦስት አሉ። ቢናደድስ? ማን ደስ ብሎት ሚስቱን ይፈታል አሉኝ። ከዚያ ትኩር ብለው አዩኝ። ያ የአዲስ ዘመን ሰው ሚስቱ ጋ እየተኛ ከሆነ ንገረው፥ ዝሙት ነው፥ አሉ።

አይተኛም አልኳቸው። ቶሎ ነው ያልኩት። ሰውየውን በደንብ ታውቀዋለህ አሉኝ። ወጥቸ ስሄድ የሌላ ሰው ጫማ ነው ያደረግሁት፤ ገበያው መሀል ስደርስ ነው የታወቀኝ።


ሰኞ፥ ህዳር 28

ያሲን መጣ። ቆዳ ነጋዴው፤ አብሮ አደጌ ነው። የሚሰፋ አላመጣም። በረንዳው ባዶ እስኪሆን ጠብቆ፥ ሦስት እንደሆነ አውቃለሁ፥ እኔ አልፈርድብህም አለ። ከሚስቱ ነው የሰማው፤ ሚስቱ ዘሃራን ቤት ውስጥ ተሸፋፍና አይታታለች።

መላ አለው አለኝ። ሩቅ አገር አንድ ሰውየ አለ፤ እንዲህ ለቸገረው ሰው ሚስቱን በኒካህ፥ በጋብቻ ውል፥ ያገባለታል፥ አንድ ሌሊት ያድራል፥ ጧት ይፈታል፥ ይሄዳል። አፉ ዝግ ነው፥ ሁለተኛ አታየውም አለ።

ማፈር የጀመርኩት አሁን አይደለም፥ ታውቃለህ። ግን የዛሬው ሌላ ነው። ውጣልኝ አላልኩትም። ዕድሜው ስንት ነው አልኩት። ጤነኛ ነው ወይ አልኩት። ስካር የለበትም አይደል፥ እንዳይመታት አልኩት። የፎገራ በሬ እንደሚገዛ ሰው ጥርስ ቆጠርኩ እኮ። ይኸ ሁሉ ዘሃራ ከጓዳው መጋረጃ ወዲያ የቁልፍ ቀዳዳ እየሠራች።

ያሲን ሲሄድ እስከ መንገዱ ሸኘሁት። ምን ሊያሰፋ መጣ አለችኝ ሐዋ፤ ኮት አልኳት።


ማክሰኞ፥ ታኅሣሥ 6፤ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት

እ. ብርቄ ቤት የሚመጡ ጠጪዎች አዲስ ቀልድ አግኝተዋል። እሳቸው ጠላ ሲቀዱ፥ እትዬ፥ ይኸ አንደኛው ነው ሦስተኛው? ይሏቸዋል። ይሳቃል። በግድግዳው ይሰማኛል። ዛሬ ብቻ አራት ጊዜ ሰማሁት። የእኔ ቃል ነው፥ እግር አውጥታ ከተማ ዞራ ከእሳቸው ቤት የገባችው።

የነፍስ አባታቸውም ገሥጸዋቸዋል አሉ። ምን አግብቶሽ ከእስላም ሽማግሌ መሀል ተቀመጥሽ ብለው። የእኛዎቹም ሲያልፉ ሰላምታ ቀንሰዋል፤ የሰው ትዳር ልታፈርስ የመጣች ነው የሚሉት። ከዚህም ከዚያም ተመቱ። አጥፊው ከመሀል ተቀምጦ ሱሪ ይሰፋል።

ዛሬ ጧት ውሃ ሲቀዱ አገኘኋቸው። እንደምን አደሩ አልኩ። እንደምን አደርክ ልጀ አሉኝ። ልጀ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እንስራውን ላንሳልዎ ማለት ፈለግሁ፤ ዞሬ ሄድኩ።


እሑድ፥ ታኅሣሥ 18፤ 6 ሰዓት

እ. ብርቄ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቀጥታ ሱቅ ገቡ። የሚሰፋ ነጠላ ይዘው ነበር፤ ቀዳዳ ግን የለውም፥ ፈልጌ አጣሁ። ሰበብ ነው። ተቀመጡ አልኳቸው፤ ተቀመጡ።

አሁን ያሉትን እንደወረደ ልጽፈው። እሳቸው በዚያ ወር ሙሉ ምን እንዳጠፉ አልገባቸውም ነበር። በእኛ፥ ሰው ሊፋታ ሽማግሌ ይቀመጣል፥ ዋስ ይጠራል፥ ሰማንያው ይቀደዳል፤ በእናንተ በቃል ብቻ መሆኑን፥ ያም በቁጥር መሆኑን ከየት ልወቅ፥ አሉ። ትናንት አንዲት የእኛ፥ የእስላም ሴት አስረዳቻቸው። ሦስት ከሆነ ዘሃራ ትሄድ እንደነበር። ሌሊቱን አልተኙም። ቤትህን ላፈርሰው ነበር ለካ፥ ይቅር በለኝ ልጀ አሉኝ።

እሳቸው እኔን። ይቅር በለኝ።

አልጨረሱም። እኔም አርጅቻለሁ፥ ምናልባት ተሳስቸ ቆጥሬ ይሆናል አሉ። ዓርብ ዕለት ጸሎታችሁ ሲያልቅ ሸህየው ዘንድ ሂጀ፥ አንዴ ነው የሰማሁት፥ ጠላም ቀምሸ ነበር እላለሁ፥ አንተም ነፃ ትወጣለህ አሉ። ያን ዕለት አልቀመሱም። ጠላቸው ገና አልተጠነሰሰም ነበር። አሁን ደግሞ ጾም ላይ ናቸው። ጾማቸውን ይዘው ሊዋሹልኝ ነው፤ ለእኔ፥ ሰካራም ላልኳቸው ሰው።

ምን ያልኩ ይመስልሃል? አይሆንም? ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ?

እሺ አልኳቸው። አሁንም እጽፈዋለሁ፤ እሺ አልኩ። ነጠላቸውንም ተቀብየ ሰፋሁ። ያልተቀደደ ነጠላ።


ማክሰኞ፥ ታኅሣሥ 20፤ ረፋድ

ትናንት ዘሃራ ተናገረች። ሐዋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፥ ቀን ነው፥ ሱቁን ዘግተናል። መጋረጃውን ገለጠችና ደፉ ላይ ቁጭ አለች፥ ራቅ ብላ፥ እንደተሸፈነች። አንተ አለችኝ። በአርባ ቀን ገደማ መጀመሪያዋ ነው። ደስታ ሊገድለኝ ሲል ቀጠለች።

ሸህየው ዘንድ ለምን ዝም እንዳለች ነገረችኝ። ተከራክራኝ ቢሆን ቁርኣኑ ይመጣ ነበር። አንተ ደሞ ትምል ነበር አለች። አውቅሃለሁ፥ ከገባህበት አትወጣም፥ በሐሰት ቁርኣን ስትጨብጥ ላላይህ ብየ ነው ዝም ያልኩት አለች። ራሱ ይናገራል፥ አንድ ሳምንት ጊዜ ልስጠው አለች በልቧ። ሳምንቱ ሁለት ሆነ፥ ሦስት ሆነ። ነጠላ ለብሳ ጠበቀችኝ። እኔ ቂም ነው ስል፥ እሷ እየጠበቀች ነበር።

የእ. ብርቄን ከመጋረጃው ወዲያ ሰምታለች። እሺ ማለቴንም። እኒያ ሴትዮ ስለ እኔ ቤት ከዋሹ እዚህ ቤት አንዲት ሰዓት አልውልም፥ መስጊዱ በር ላይ ቁሜ ራሴ እናገራለሁ አለች። የያሲንንም ሰምታለች። ዕድሜውን ስጠይቅ። ያን ሰውየ ብትልክብኝ ወላሂ በአኼራም፥ በወዲያኛው ዓለምም አላይህ አለች። ሁለታችንም አለቀስን፥ በየቦታችን። እኔ ልነካት እጀን ዘረጋሁና መለስኩት።

ሌላ ባል አልፈለግሁም ነበርኮ፥ አለችኝ። ይችን ስትል ወደኔ አላየችም።

ምን ታደርጊያለሽ አልኳት። ዒዳየን እጨርሳለሁ፥ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ አለች። ሐዋስ? ሐዋ እስክታድግ ከኔ ጋር ናት፥ መጥተህ ታያታለህ አለች። ሁሉን አስባበታለች። እኔ አንድ ወር ውሸቴን ሳጠብቅ፥ እሷ ኑሮዋን ስታበጅ ኖራለች።

ረመዳን ሰኞ ሳይገባ አይቀርም። እንዲህ ሆነን አንገባም አለች። መጋረጃውን መለሰችው።


ሐሙስ፥ ታኅሣሥ 22፤ ማታ 12 ሰዓት

ምንም አልሰፋሁም። እ. ብርቄ ዘንድ ልሂድ ብየ ሦስት ጊዜ በራቸው ድረስ ደረስኩ፤ ጠጪዎች አሉ፥ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ፥ ዋናው ነገር ይኸ ነው። ንዴተኛ ነው ይሉኛል። ንዴቱ ደህና ነበር። ንዴት ሦስት ቃል ነው ያናገረኝ፤ ፍርሃት ግን ወር ሙሉ አናገረኝ።

ሐዋ ዛሬ የልብስ ቁልፍ በክር ስትሰካ ዋለች፥ እናቷ አስተምራት። አንድ፥ ሁለት እያለች ትቆጥራለች። ከክፍሉ ወጣሁ።


ዓርብ፥ ታኅሣሥ 23፤ 5 ሰዓት ተኩል

ቶሎ ልጻፍ፥ አዛን ሊል ነው።

ታጥቤ፥ ለብሸ ስወጣ እ. ብርቄ በሬ ላይ ቁመዋል። ፀጉራቸውን ተቀብተው፥ ንጹሕ ቀሚስ ለብሰው። አብረን እንሂድ፥ ከሰው ፊት ብቻየን እፈራለሁ አሉ። ሊዋሹልኝ ነው እንዲህ የተዘጋጁት።

እዚያው ደጁ ላይ፥ ጠጪዎቻቸው እያዩ፥ ልክ ቆጥረዋል አልኳቸው። ሦስት ነው ያልኩት። አልተሳሳቱም፥ አልቀመሱም፥ እኔ ነኝ ውሸታሙ፥ አልኩ። ጉልበታቸውን ልስም ስል ክንዴን ያዙኝ። ኧረ ዝም በል አሉኝ በሹክሹክታ። ኧረ ሰው ይሰማሃል። ዝም በል ልጀ፥ ሚስትህን ታጣለህ፥ ልጅህን ታጣለህ፥ እኔ ምን ጎደለብኝ፥ ሳቃቸውን እንደሆነ ለምጀዋለሁ አሉ። አልለቅህም አሉ። ጣታቸውን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ነው የተላቀቅሁት። አሁን ዘሃራ ጓዳ ወስዳ ውሃ እያጠጣቻቸው ነው። ሁለቱም ያለቅሳሉ፥ ይሰማኛል።

ለሸህ ኑሩ ብቻ በጆሯቸው ልንገር ብየ አስቤ ነበር። አይበቃም። እ. ብርቄን ያዋረድኩት ሰው መሀል ነው። ሶላቱ እንዳለቀ ሰው ሳይነሳ እነሳለሁ። ሸህየው ሁለተኛ አይጠይቁኝም፥ አንዴ ጠይቀውኛል፤ ሳልጠየቅ ነው የምናገረው። ይስቁብኛል። ያ የአዲስ ዘመን ሰው አንተ ነበርክ ለካ ይሉኛል። ይበሉ።

ወኔ አይደለም ይኸ፥ ወኔ ነው ብለህ እንዳትታለል። መሸሸጊያ አለቀብኝ እንጂ።

አዛን አለ።

መጀመሪያ እትዬ ብርቄ እውነት እንደተናገሩ እላለሁ። ሰካራም ያልኳቸው ዋሽቸ እንደሆነ። ቀጥየ ሦስት መሆኑን። ይኸን እስካሁን ለራሴ እየደጋገምኩ ለመድኩት፥ ይወጣልኛል። ከዚያ በኋላ ያለችውን አንዲት ቃል ነው ያልለመድኳት፤ እዚህ አንዴ ልጻፋትና ልሂድ። ከዛሬ ጀምሮ ዘሃራ ሚስቴ አይ—